የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ በነጋዴ ሚዛን

ለመሆኑ የሁለት ዓመት የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ስንት ያስወጣል? ጥያቄው ለአንድ የሰባታሚት ወላጅ ቢቀርብ መልሱ የኮሌጁ የወር ክፍያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነጋዴ ግን የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ሲያሰላ በመግዣው አያቆምም። የማስጫኛውን፣ የመጋዘኑንና ገንዘቡ ታስሮ የቆየበትን ጊዜ ጭምር ይደምራል። የትምህርትም ዋጋ በዚሁ መንገድ መሰላት ይኖርበታል።

ነገሩ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው በር ሲጠብ ብዙ ወጣት ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያማትራል። ለግል ኮሌጅ ደግሞ ወርክሾፕና ማሽን የማይጠይቀውን የሒሳብ ትምህርት መክፈት ይቀላል። የተማሪው መብዛት ግን የሥራው መብዛት ምልክት አይደለም።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል ከሰባታሚት ባሕር ዳር እየተመላለሰች በቀን የምትማር አንዲት ወጣት እንውሰድ። አሃዞቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ አንባቢ በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። የወር ክፍያው 1,000 ብር፣ የትምህርቱ ጊዜ በዓመት 10 ወር ቢሆን የሁለት ዓመቱ ክፍያ 20,000 ብር ነው። ለመጻሕፍት፣ ለፎቶ ኮፒና ለፈተና 4,000 ብር ይያዝ። ለደርሶ መልስ ትራንስፖርት በቀን 60 ብር፣ በወር 22 ቀን፣ ለ20 ወር ሲታሰብ 26,400 ብር ይመጣል። እስካሁን የተደመረው 50,400 ብር ነው። ትልቁ ወጪ ግን ደረሰኝ የለውም። ወጣቷ ሱቅ ተቀጥራ በወር 3,000 ብር በእጇ ታገኝ ከነበረ፣ በ24 ወር ያመለጣት 72,000 ብር ነው። በጠቅላላው 122,400 ብር መሆኑ ነው። ወላጅ እንደ ሙሉ ዋጋ የሚቆጥረው የኮሌጅ ክፍያ ከዚህ ውስጥ አንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ነው።

ተመርቃ በ6,000 ብር ተቀጠረች እንበል። በ2017 ዓ.ም በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። በሚቀጥለው 2,000 ብር ላይ 15 በመቶ፣ በቀሪው 2,000 ብር ላይ 20 በመቶ ሲታሰብ ግብሩ 700 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ነው። በእጇ የሚገባው 4,880 ብር ስለሆነ ዲፕሎማው ከሱቁ ደመወዝ በላይ ያመጣላት በወር 1,880 ብር ነው። በዚህ ሒሳብ 122,400 ብሩ የሚመለሰው በ5 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ነው። ሥራ ፍለጋ አንድ ዓመት ያለ ገቢ ከተቀመጠች 36,000 ብር ተጨምሮ ወደ 7 ዓመት ይጠጋል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ትምህርቱን ያስወደደው ኮሌጁ ሳይሆን የተቆረጠው ደመወዝ ነው። ያቺው ወጣት ሥራዋን ሳትለቅ ቅዳሜና እሑድ እየተማረች በ3 ዓመት ብትጨርስ፣ ክፍያው 30,000፣ ትራንስፖርቱ 14,400፣ መጻሕፍቱ 4,000፣ በድምሩ 48,400 ብር ነው። ይህ በ26 ወር ገደማ ይመለሳል። እርግጥ ነው፣ አሠሪው ደመወዝ ሳይቆርጥ ሁለቱን ቀን መፍቀድ አለበት፤ ቅዳሜ ደግሞ ሱቅ የሚደምቅበት ቀን ነው። የጊዜ ዋጋ ከባድነት በሌላም በኩል ታይቷል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት በተደጋጋሚ መንገድ ዘግቷል፣ ትምህርትም አቋርጧል። በምሳሌያችን የአንድ ወር መዘግየት 3,000 ብር ነው።

የሥራ ገበያውም እንደ ቀድሞው አይደለም። በ1935 ዓ.ም የተቋቋመው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ካፈራቸው ባለሙያዎች ዘመን ጀምሮ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ የተከበረ ወረቀት ነበር። በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲዎች በረከቱ፣ ባለዲግሪው በዛ። ዲፕሎማ የሚለው ስም በሕዝብ አፍ ቢቀርም ሥልጠናው አሁን የሚሰጠው በደረጃ ነው፤ ከኮሌጁ ወረቀት በተጨማሪም የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን ማለፍ ይጠይቃል። ምዘናውን ያላለፈ ምሩቅ ክፍያውን ጨርሶ ዕቃውን ያልተረከበ ገዢ ይመስላል። በዲግሪ ልቀጥል የሚልም ቢኖር የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። በ2015 ዓ.ም ይኸው ፈተና ሲጀመር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ሕጉም ፈላጊውን ይወስናል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጩ 500,000 ብር የደረሰውን ነጋዴ ጭምር መዝገብ ያስይዝ ነበር። የ2017ቱ ማሻሻያ የደረጃ "ሀ"ን ወለል ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎ፣ ከዚያ በታች ያለው ግለሰብ ነጋዴ በሽያጩ ልክ እንዲከፍል አደረገ። በዚህ የተነሳ ለግብር ሲል ብቻ የሒሳብ ሠራተኛ ይቀጥር የነበረው ትንሽ ነጋዴ ግዴታው ቀርቶለታል። ትልልቆቹ ድርጅቶች በፊናቸው በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲሠሩ ስለሚጠበቅባቸው የሚፈልጉት ከሌጀር መሙላት ያለፈ ዕውቀት ነው። ለባለዲፕሎማው የቀረው ሰፊ ቦታ በመካከል ያለው ነው፤ ጅምላ አከፋፋዩ፣ ሆቴሉ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ።

ቀጣሪውም ቢሆን የራሱን ወጪ ማወቅ አለበት። 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ ሲጨመርበት በወር 6,660 ብር ያስወጣዋል። ይህን ያህል የሚያወጣ ነጋዴ ከምስክር ወረቀቱ ባሻገር የግማሽ ሰዓት ፈተና መስጠት አያቅተውም። የአንድ ወር የባንክ መግለጫ ከቼክ ጉርድ ጋር እንዲያስታርቅ፣ ከተበታተኑ ደረሰኞች የዕለቱን ገንዘብ እንዲያወጣ፣ ከዚያም ከላይ ያለውን የ6,000 ብር ደመወዝ እንዲያሰላ አመልካቹን ማዘዝ ነው። 4,880 ብር ላይ ከደረሰ ቀጥሎ የሚጠየቀው ፒችትሪ ላይ መሥራት መቻሉ ነው።