ኳስ የሚሆነው ዘንዶ

የዛሬው የእንስሳት ዓምዳችን ስለ ዘንዶ ነው። ኧረ ገጹን አትዝለሉት! ሰው የሚውጥ ዘንዶ አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ ብዙ ሰዎች እኛ ድመት እንደምናሳድገው ቤታቸው ውስጥ የሚያሳድጉት ነው። ስሙ ቦል ፓይተን ይባላል፤ «ቦል» ኳስ ማለት ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። መርዝ የለውም። ያደገች ሴት ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ወንዱ ያንሳል።

አገሩ ግን የእኛው አፍሪካ ነው፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን። ቀን በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ማታ ይወጣል። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ የዘንዶዎች ቤተ መቅደስ እንኳ አለ።

አሁን ለአንድ ልጅ ቦል ፓይተን ተገዛለት እንበል። ልጁ ምን ያደርጋል? ያነሳዋል፣ ለጓደኞቹ ያሳየዋል፣ በዚያው ቀን አይጥ ይሰጠዋል። ዘንዶው እምቢ ይላል። በነጋታው ደግሞ ይሰጠዋል፣ አሁንም እምቢ። ልጁም «ሊሞትብኝ ነው!» ብሎ ያለቅሳል። ዘንዶው ግን ብዙ ጊዜ ታሞ ሳይሆን ፈርቶ ነው። እኛስ አዲስ ትምህርት ቤት የገባን ቀን ምሳችን መች ይበላልናል? ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀን አይነካም። ውኃው ብቻ ይቀየርለታል። ምግብ የሚሞከረው ከዚያ በኋላ ነው። ትልቁ እንክብካቤ መተው ነው ቢባል ይገርማል አይደል?

ሌላው ነገር ሙቀት ነው። በሳይንስ እንደተማርነው ገበሎ አስተኔዎች የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከውጭ ነው። ስለዚህ የመስታወት ሳጥኑ አንዱ ጎን 31 ወይም 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ጎን ከ25 እስከ 27 ይሆናል። ዘንዶው ሲበርደው ወዲህ፣ ሲሞቀው ወዲያ ይሄዳል። መደበቂያውም ሁለት መሆን አለበት። ሞቃቱ ጎን ብቻ መደበቂያ ካለ፣ ቢሞቀውም ከፍርሃቱ የተነሳ እዚያው ተወትፎ ይቀራል። ማሞቂያው ያለ መቆጣጠሪያ ከተሰካ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ክዳኑም በደንብ ይዘጋ፤ በአፍንጫው ገፍቶ ይወጣል።

ምግቡ አይጥ ነው፤ ትንሹ በሳምንት አንዴ፣ ትልቁ ከዚያ ዘግይቶ ይበላል። የሚሻለው የሞተች፣ ከበረዶ ወጥታ የሞቀች አይጥ ነው፤ በሕይወት ያለች አይጥ ዘንዶውን ነክሳ ታቆስለዋለች (ማን ያምናል?)። በልቶ እስከ 2 ቀን ከተነሳ ሊያስመልሰው ይችላል። ያደገው ደግሞ አንዳንዴ ለወራት ሳይበላ ይቆያል። ያን ጊዜ በሚዛን መመዘን ነው፤ ክብደቱ ካልቀነሰ አያሳስብም፣ ከቀነሰ ግን ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል። ዓይኑ ደፍርሶ ሰማያዊ ቢመስልም አትደንግጡ፣ ቆዳውን ሊቀይር ነው። የነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

አደራ! ይህን አንብባችሁ ሜዳ ላይ ያያችሁትን እባብ እንዳትነኩ። አገራችን እንደ እፉኝት ያሉ መርዘኛ እባቦች አሏት። የእኛ አገር ዘንዶም ከ4 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ካያችሁ ራቁ፣ ለትልቅ ሰው ተናገሩ።

ቦል ፓይተን በእንክብካቤ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል፤ የ12 ዓመት ልጅ የተገዛለት ዘንዶ ልጁ አግብቶ ወልዶም አብሮት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ የነበረችው ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። እዚያ የገባችው በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ2020 ሰባት እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ 62 ዓመት ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። ከብዙዎቹ መምህሮቻችን ትበልጣለች (ይቅርታ መምህራን!)።