የቡና መፍጫችሁን ስታጸዱ፦ መብራት ቢጠፋም ሶኬቱን ንቀሉ!



«ዶክተር፣ መብራት እኮ አልነበረም!»

እንዲህ ያለችኝ ጣቷን በነጠላ ጠቅልላ ድንገተኛ ክፍል የመጣች እናት ናት። ቡና እየፈጨች ሳለ መብራት ይጠፋል። «እስኪመጣ ላጽዳው» ብላ ክዳኑን ከፍታ ምላጩን በጨርቅ መወልወል ትጀምራለች። ሶኬቱ አልተነቀለም፣ ማብሪያውም እንደበራ ነው። መፍጫው ደግሞ ክዳኑ ሲነሳ የማይቆም ዓይነት ነበር። መብራቱ መጣ። የቀረውን ገምታችሁታል።

ጎረቤቷ ደግሞ ደሙን ለማቆም ብላ የተፈጨ ቡና ነስንሳበት ነበር። ከመስፋቴ በፊት ዱቄቱን ከቁስሉ አጥቦ ለመጨረስ ብዙ ደከምን። ደግነቱ ጅማቷ አልተነካም፣ ጣቷ ተርፏል።

እና አናጽዳ ወይ? ማጽዳትማ አለብን! የተቆላ ቡና ዘይት አለው። ዘይቱ መፍጫው ላይ ተለጥፎ ሲቆይ ይበላሻል፣ አዲሱን ቡናም ያሻግተዋል። ይሄ በዋናነት ጣዕም ነው የሚያበላሸው። እርጥበት ከገባበት ግን ሻጋታ ሊያወጣ ይችላል።

እኔ ቤቴ የማደርገው እንዲህ ነው፦

1. ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ሶኬቱን እነቅላለሁ። መብራት ቢኖርም ባይኖርም!

2. ገልብጬ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደርገዋለሁ። የቀረውን ለዚሁ ብቻ ባስቀመጥኩት ደረቅ ብሩሽ እጠርገዋለሁ። ጣት ምላጩ ጋ አይገባም።

3. በሳምንት አንዴ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ሩዝ ለጥቂት ሰከንድ ፈጭቼ እደፋለሁ። ዘይቱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ እንደገና በብሩሽ እጠርጋለሁ። ይህ ምላጭ ላለው መፍጫ ነው። በጥርስ የሚፈጨው ዓይነት ካላችሁ ሩዙ ሊያጨናንቀው ስለሚችል መመሪያውን ተከተሉ።

4. ውስጡን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ እወለውላለሁ፣ ጨርቁን የምይዘው በማንኪያ እጀታ ነው። ክዳኑን በሳሙና አጥባለሁ። ሞተር ያለበትን ክፍል ግን ውሃ ውስጥ መንከር በፍጹም!

5. ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሳልከድነው አቆየዋለሁ።

መፍጫው እንዲበረክት ቡናው ከተቆላ በኋላ ይብረድ፣ አፍ እስከ አፉ አትሙሉት፣ እያረፋችሁ ፍጩ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወይ ገመዱ ከተላጠ አቁሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን በአንዱ መፍጫ ቡናም፣ ተልባም፣ ለውዝም እንፈጫለን። ቤታችሁ ወይ እንግዳችሁ ውስጥ የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ፣ ሩዝና ብሩሽ ለሱ አይበቃም። ለውዝ ያልገባበት ሌላ መፍጫ ያስፈልጋል። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል!

ጣት ከተቆረጠስ?

ቁስሉን በንጹህ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ እጁን ከፍ አድርጉ። «ቆመ ይሆን?» እያላችሁ አትግለጡት፣ 10 ደቂቃ ያህል ያዙት። ቡና፣ ስኳር፣ አመድ ምንም አትነስንሱበት። ከጣቱ የተቆረጠ ክፍል ካለ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ፌስታል ውስጥ አስሩት፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጋችሁ ይዛችሁ ኑ። በረዶው ራሱን ቁራጩን አይንካው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ደሙ አልቆም ካለ ወይ ጣቱ ከደነዘዘ ጤና ተቋም ሂዱ፣ የቲታነስ ክትባትም ጠይቁ።

ያቺ እናት ስፌቷን ልታስፈታ ስትመጣ «አሁን ወደ ሙቀጫዬ ተመልሻለሁ» ብላ አሳቀችኝ። ሙቀጫም ጥሩ ነው። መፍጫውንም ግን ሶኬቱን እየነቀልን በሰላም እንጠቀምበታለን።

ቡና ለሚያፈሉላችሁ ሁሉ ሼር አድርጉላቸው።