ለአጋሮው ሹፌር፣ ከራፖር ጻፊው አጎትህ

ልጄ፣

አጋሮ ላይ የአንድ ቡና ነጋዴ አይሱዙ ልትይዝ መሆኑን እናትህ በስልክ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አጎትህ ሠላሳ ዓመት ጅማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ ራፖር ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። እኔ ጋ የመጣ ሹፌር ሁሉ አነጋገሩ አንድ ነበር፤ «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ጻፍልኝ።» ምን ልጻፍለት? ዋናው ነገርማ ጣቢያ በሰጠው ቃል፣ ሳያነብ በፈረመው ወረቀት ላይ ተጽፎ አልቋል። አንተ ገና ምንም ያልተጻፈብህ ልጅ ስለሆንክ ነው ይህን የምጽፍልህ።

1. ስሞቹን ለያቸው። ቡና ቤት ውስጥ «እገሌ ታሰረ» ከተባለ «እገሌ ሠራው» ተብሎ አብቅቷል። ሕጉ እንዲህ አይቸኩልም። ፖሊስ የያዘው ሰው ተጠርጣሪ ነው፤ ዓቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል፤ ፍርደኛ የሚባለው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ ሲወስንበት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ በክርክሩ ሂደት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ይህን የምነግርህ ለራስህ ብቻ ብዬ አይደለም። ነገ የሥራ ባልደረባህ ሲያዝ አንተም ከቡና ቤቱ ጋር አብረህ እንዳትፈርድበት ነው።

2. ከተያዝክ ሰዓት ቁጠር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚያስኬደው ጊዜ ግን አይታሰብም። ጌራ ጫካ ውስጥ የተያዘና ጅማ መርካቶ የተያዘ ሰው ሰዓታቸው እኩል አይሄድም ማለት ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል። ለእናትህም የምነግራት ሰዓቱን እንድትቆጥር ነው። የተያዘ ልጅ ያላት እናት እንጀራና ብርድ ልብስ ይዛ ትሮጣለች፤ ደግ አደረገች። ግን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እንደተያዘ ብጣሽ ወረቀት ላይ የምትጽፍ እናት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያየሁት ሁለት ቢሆን ነው።

3. ቃል ስትሰጥ አትጣደፍ። ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትናገረው ሁሉ ማስረጃ ሊሆንብህ እንደሚችልም ሊነገርህ ይገባል። ተገድዶ የተሰጠ ቃል ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ሁሉም ሰው በደፈናው ያውቀዋል። የማይታወቀው የቋንቋው ነገር ነው። አንተ ወልቂጤ ያደግክ ልጅ ነህ፤ ኦሮምኛህ ለገበያ ይበቃ ይሆናል፣ ለችሎት ግን አይበቃም። የጅማም የአጋሮም ፍርድ ቤት የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፤ ምርመራውም የሚጻፈው በዚያው ነው። የተያዝክበትን ምክንያት በሚገባህ ቋንቋ እንዲነግሩህ መጠየቅ መብትህ ነው፤ በችሎትም መንግሥት በሚከፍለው አስተርጓሚ ትከራከራለህ። አንድ ልጅ፣ እንዳንተ ከውጭ የመጣ፣ «ገብቶኛል» ብሎ ፈርሞ ወጣ። ኋላ ሳነብለት «መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ነው የመታት» የሚለውን «እኔ ከመንገድ አውጥቼ ነው የመታኋት» ብሎ ፈርሞበታል። ማፈር ነው እንዲህ ያደረገው። ቋንቋ አላውቅም ማለት አፍሮ።

4. የክስ ማመልከቻ ሲደርስህ ከሁሉ አስቀድመህ ቁጥሩን ፈልግ። አንቀጹን ብቻ አይደለም፤ በቅንፍ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ጭምር። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል የሚናገር ነው፤ ከአይሱዙ መሪ ጀርባ ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የሚቀርበው አንቀጽ የለም። ንዑስ አንቀጽ (1) ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ነው። ንዑስ አንቀጽ (2) እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ መቀጮውም «ወይም» መባሉ ቀርቶ «እና» ይሆናል። አንተ እንግዲህ በሙያህ የምትጀምረው ከዚህ ነው። ንዑስ አንቀጽ (3) ግን ሌላ አገር ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር። ወደዚያ የሚያሻግሩት ሦስት በሮች ናቸው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው መሞቱ፣ ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቁ መጣስ፣ እና በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራስን ኃላፊነት ወደማይሰማበት ሁኔታ ማስገባት። ከባዱ ቁጥር ሲጠቀስ የዋስትናው ክርክርም አብሮ ይከብዳል።

ሰዎች «ወንጀሉ ያው ነው፣ ሰው ሞቷል» ይላሉ። ሟችን በተመለከተ እውነት ነው። ላንተ ግን በ(2) እና በ(3) መካከል ያለው ልዩነት ልጅ የሚያድግበት ዕድሜ ነው።

5. አሁን ወደ መጠጡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ታገሠኝ።

የእኛን አካባቢ ልማድ ታውቀዋለህ። ኅዳርና ታኅሣሥ ቡናው ይለቀማል፣ ጀንፈሉ ይጫናል፣ ኪስ ውስጥ ገንዘብ ይገባል። መኪናው ጅማ ምርት ገበያ ደጃፍ ወረፋ ይዞ ናሙና እስኪወሰድለት ሹፌሩ ምን ይሠራል? ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ምርቃናው ሲያይል እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ እንቅልፍ እምቢ ሲል ጨብሲ ይመጣል። ሁለት በደሌ፣ ሦስት በደሌ፣ አንዳንዴም መለኪያ አረቄ። ከዚያ ተነሥቶ መሪ ይጨብጣል። በዚህች ሰዓት ሹፌሩ ራሱን ስካር እንደሌለበት ይቆጥራል፤ ጫቱ ዓይኑን ከፍቶለታልና። ዓይን መከፈትና እጅ መታዘዝ ለየቅል ነው። የጫቱ ንቃት ድካሙን ሸፍኖለት እንጂ አላነሣለትም፤ መጠጡም በምርቃናው ተሸፍኖ ሥራውን ይሠራል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ሁለቱም መሸፈኛ አብረው ይገለጣሉ።

ጫት መቃም በሕግ አልተከለከለም፣ ቢራም አልተከለከለም። ስለዚህ ብዙዎች «ምን አጠፋሁ» ይላሉ። ማንም ሳይጎዳ ጠጥተህ ስትነዳ በትራፊክ ፖሊስ ብትያዝ በደንብ መተላለፍ ትቀጣለህ፣ መንጃ ፈቃድህም አደጋ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ትንሹ ነው። ሰው ተጎድቶ ከሆነ «ሰክሬ ስለነበር አላስታውስም» ማለት መከላከያ አይሆንህም፤ ራስህን እዚያ ሁኔታ ውስጥ ያስገባኸው አንተ ነህና ሕጉ ያንኑ ይጠይቅሃል። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ አይታወቅብኝም ብለህም አትጽናና። አንድ መዝገብ ላይ የዓቃቤ ሕግ ምስክር የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ነበረች። ስንት ጠርሙስ እንዳወረደችለት ከሱ በላይ ታውቃለች። ጉርሻ እንኳ አልሰጣትም ነበር መሰለኝ፤ አንዷንም አልረሳችም።

ይህን የምጽፍልህ ሰው ቅዱስ አይደለም። በወጣትነቴ ከሊሙ ገነት ጠጥቼ በሞተር ብስክሌት ተመልሻለሁ። መንገዱን እስከ ዛሬ አላስታውሰውም። ያን ሌሊት በመንገዱ ዳር የሚሄድ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ራፖሩን ራሴው ለራሴ በጻፍኩ።

6. ጉዳት ካደረስክ አትሽሽ። ሕዝብ ይደበድበኛል ብለህ ብትፈራ እውነትህን ነው፤ ያየሁት ነገር ነው። ግን የተጎዳውን ሐኪም ቤት አድርሰህ ወይም የሚያደርስ አግኝተህ በቅርብ ወዳለው ጣቢያ ሂድና እጅህን ስጥ። ያቆሰሉትን ሰው ጥሎ መሄድ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው። ረድቶ፣ ጥፋቱን አምኖ እጁን የሰጠ ሰው ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ማቅለያ ያገኛል። ደግሞም ስማ፤ ባጃጅ ገዝተህ ለሌላ ልጅ በቀን ገቢ ልታከራይ እንደምታስብ ሰምቻለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ራሱ ባያጠፋም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ልጁ ጠጥቶ ቢነዳ አንተ ቤትህ ተኝተህ ተከሳሽ ትሆናለህ፤ በካሳው ማለቴ ነው።

7. ሽማግሌ። የሟች ቤተሰብ ደጅ በሽማግሌ መሄድ፣ የደም ካሳውን ጉማ መክፈል፣ መታረቅ፣ ይህ የአካባቢው ትልቅ ጸጋ ነው፤ ከእስር ቤት ወጥተህ የምትኖረው ከነዚህ ሰዎች ጋር ነውና። ኦሮሚያም በ2013 ባወጣው አዋጅ ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። ነገር ግን «ታርቀናል» የሚለው ወረቀት የሞት ጉዳይ ላይ የዓቃቤ ሕግን መዝገብ አይዘጋውም። ያቀልልሃል፣ አያስቀርልህም። ይህን ሳያውቁ ያላቸውን በሬና የቡና ማሳ ሸጠው ጉማ የከፈሉ፣ ከዚያ መጥሪያ ሲመጣ «ከፍለን የለም ወይ?» ብለው ላለቀሱ ቤተሰቦች ራፖር ጽፌያለሁ። መክፈላቸው ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ምን እንደገዙ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

የሐሰት ምስክር ላምጣልህ የሚል ካጋጠመህ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሥ።

8. ቤት ኪራይ። አጋሮ ሰርቪስ ቤት እንዳገኘህ፣ አከራይዋም «እንደ ልጄ ነው የማይህ፣ ውል ምን ያደርጋል» እንዳሉህ ሰማሁ። እኔንም አንዲት ደግ ሴት እንደ ልጃቸው ያዩኝ ነበር፤ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ጓሮ አንዲት ክፍል። አማቻቸው ከአዲስ አበባ ሲመጣ በሦስት ቀን ውጣ አሉኝ። ወረቀት አልነበረኝም፤ አልጋዬን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ።

የኛ ሰው ከውል የሚሸሽበት ታሪክ አለው። በሐምሌ 1967 መንግሥት ትርፍ ቤትን ሁሉ ሲወርስ የግል ማከራየት የሚባል ነገር ቀረ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ያከራየ ሁሉ በሹክሹክታ ነው ያከራየው፤ ተከራዩም «የአክስቴ ቤት ነው» ይል ነበር። ዘመኑ አለፈ፣ ሹክሹክታው ግን እዚያው ቀረ።

አሁን የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪው አከራዩ ቡና ሲደርስ ባሰበው መጠን መሆኑ ቀርቶ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው። ይህ አዋጅ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ከመከራከርህ በፊት ወደ ከተማው አስተዳደር ሂድና አጋሮ ገብታለች ወይ ብለህ ጠይቅ። ካልገባችም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ፤ ውልም ሁለት ምስክሮች ፈርመውበት በጽሑፍ ብታደርገው ማንም አይከለክልህም። የቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰበረውን መስኮት፣ ቁልፉ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉንም ጻፍበት። ኪራዩን በባንክ ላክ፤ ደረሰኙን አትጣል።

እኔም ዛሬ ሰርቪስ አከራይ ሆኛለሁና ለወገኔም ልናገር። ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሦስት ወር መብራት ሳይከፍል በሌሊት ወጣብኝ። ውል ነበረን ወይ? አልነበረንም። ሠላሳ ዓመት የሰው ውል የጻፈ ሰው! ሚስቴ እስካሁን ትስቅብኛለች። ሆኖም አከራይ ተናደደ ተብሎ በር ዘግቶ ዕቃ ሜዳ ላይ ማውጣት አይችልም፤ ማስለቀቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እንዲህ ከተደረገብህ ድንጋይ አታንሣ። በድንጋዩ አንተ የወንጀል ተከሳሽ ትሆናለህ፣ አከራይዋ የግል ተበዳይ። ከዚያ ወዲያ የኪራዩን ነገር የሚያነሣልህ የለም።

9. ጠበቃ መክፈል ካልቻልክ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በከባድ ወንጀል ከተከሰስክ ደግሞ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምልህ ችሎቱን ጠይቅ። እኛ ራፖር ጻፊዎች ጻፊ እንጂ ጠበቃ አይደለንም። ይህን ስል የሥራ ጓደኞቼ ይቆጡኛል።

10. ከአከራይህ ጋር የምታደርገውን ውል ሳትፈርም እሁድ ጠዋት ይዘህልኝ ና። መነጽሬን አስጠግኛለሁ። አቦሉ ሲቀዳ ጀምረን በረካው ሳይወርድ አንብበን እንጨርሳለን። ለአክስትህም ከጮጬ በኩል የሚመጣ ቡና ካገኘህ አንድ ኪሎ ያዝላት፤ ገንዘቡን እኔ እሰጥሃለሁ፣ ደረሰኝ አትጠይቀኝ።