ስለ አእምሮ ሸክምና ስለ ማራገፊያው

የፈተና ሰሞን በመጣ ቍጥር በግቢያችን የሚሰማው ንግግር አንድ ዓይነት ነው። «ጭንቅላቴ ሞላ፤ ያነበብሁት አልገባ አለኝ» የማይል ተማሪ ጥቂት ነው። ይህ ንግግር የሰነፍ ሰበብ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ሰበብ አይደለም። ስለዚህ የአእምሮ መጨናነቅ ከምን እንደሚመጣ፣ ገንዘብ በማያስወጣ መንገድስ እንዴት እንደሚቃለል በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አእምሮ ለብዙ ዘመን የሚያቆይ ሰፊ ጎተራ አለው፤ ይሁን እንጂ ወደ ጎተራው የሚያስገባው በር ጠባብ ነው። አሁን የምናስበውን ነገር ይዘን የምንሠራው በዚያች ጠባብ ስፍራ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1956 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው ባንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው 7 ያህል ነገር መሆኑን ገልጾ ነበር። ኔልሰን ካዋን ደግሞ በ2001 ቍጥሩን ወደ 4 ዝቅ አደረገው። እንግዲህ ተማሪው የነገውን ፈተና፣ ያልተጻፈውን የቤት ሥራ፣ ከቤተ ሰብ የሚጠብቀውን ገንዘብና በስልኩ የሚመጣለትን መልእክት ባንድነት ከያዘ፣ ለመጽሐፉ የሚተርፈው ስፍራ ከየት ይገኛል?

ታዲያ ሸክሙ ሲከብደን ምን እናደርጋለን? ማራገፍ ሲገባን እንጨምራለን። ሌሊቱን ተቀምጦ ማደር እንደ ጀግንነት ይቈጠራል፤ እንቅልፍ ሲመጣም ጫት ይያዛል። ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሁለት ሌሊት በምርቃና ሳነብ አደርሁ፤ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። በፈተናው ጧት ግን ወረቀቱ ሲሰጠኝ፣ ያነበብሁት ገጽ በዓይኔ ላይ ድቅን እያለ፣ በገጹ ላይ የነበረው ቃል ጠፋብኝ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎልን ያነቃቃል፤ ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም፤ እንቅልፍንም ያባርራል። የተማርነው ነገር የሚጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠንተው ፈተኗቸው። ተማሪዎቹ አጥንተው ከተኙ በኋላ የረሱት፣ አጥንተው ነቅተው ሲቈዩ ከረሱት በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሳይተኛ የሚያጠና ተማሪ ውኃ በወንፊት እንደሚቀዳ ሰው ነው።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። አራቱን ብቻ እጠቅሳለሁ።

አንደኛ፤ ሐሳብን ከአእምሮ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ያልተፈጸመ ጉዳይ እየተመላለሰ ይነዘንዛል፤ ሲጻፍ ግን ዝም ይላል። በ2018 ማይክል ስከሊን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋራ 57 ወጣቶችን በሁለት ከፍሎ፣ ገሚሶቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ወደ ፊት የሚሠሩትን፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሠርተው የጨረሱትን እንዲጽፉ አደረገ። ወደ ፊት የሚሠሩትን የጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እርሳስና የደብተር ቅዳጅ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ የቀትርን ዕረፍት ማክበር ነው። በድሬዳዋ ፀሐይ በምታይልበት ሰዓት ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ሰውም ጥላ ይፈልጋል። ከደጋ የመጣ እንግዳ ይህን ስንፍና ይለዋል፤ ነገር ግን ጥበብ ነው። በ2016 በቦስተን ከተማ ሙቀቱ በበረታ ጊዜ የሐርቫርድ ተመራማሪዎች 44 ተማሪዎችን በየቀኑ ቢፈትኑ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው መኝታ ቤት የሰነበቱት በቀዝቃዛው ከሰነበቱት ይልቅ ዘግይተው ይመልሱ ነበር። ስለዚህ ከባዱን ንባብ ለማለዳ ትቶ፣ በቀትር ውኃ ጠጥቶ 20 ደቂቃ ያህል ጋደም ማለት ይበጃል። ከዚያ የረዘመው እንቅልፍ ግን የሌሊቱን ይሻማል።

ሦስተኛ፤ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር መሥራት ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። መጽሐፉ በተከፈተበት ሰዓት ስልኩ ይዘጋ፤ ከጠረጴዛውም ይነሣ። አንዱን ምዕራፍ ሳይጨርሱ ሌላውን የሚገልጡትንማ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሰኛቸዋል።

አራተኛ፤ በእግር መሄድና ከሰው ጋራ መጫወት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በከዚራ ዛፎች ሥር መንሸራሸር፣ ወይም የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ እስከ መጋላ መዝለቅ ምንም አያስከፍልም። ከጓደኛ ጋራ የተነጋገሩበት ጭንቀትም ግማሽ ይሆናል። ቡናው ግን ማምሻውን ባይሆን ይመረጣል፤ እሱም እንቅልፍ ይከለክላልና።

ይህ ሁሉ ለተለመደው ድካም ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ መዘጋቱ፣ ከሰው መሸሹ ከሁለት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ፣ ወይም «ምነው ባልኖርሁ» የሚል ሐሳብ የመጣ እንደ ሆነ፣ ሕመም ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በከተማችን ድል ጮራ ሆስፒታል አለ። እንዲህ ያለውን ጓደኛ ያየ ሰውም «ይለፍለታል» ብሎ አይተወው፤ አብሮት ይሂድ።

በመጨረሻ ይህችን ከተማ የቈረቈረውን ምድር ባቡር ላስታውስ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ባቡሩም ሌሊት አይጓዝም፤ አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። በማደሩም ከመድረስ አልቀረም። ብረቱ ካረፈ፣ ሥጋና ደም የሆነው ተማሪ ለምን አያርፍም? እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ የድሬዳዋ ሰው «አቦ፣ ቀለል አድርገው» ሲለን በቀልድ አንለፈው። የምንማረው ፈተናውን ለማለፍ ብቻ ሳይሆን ከፈተናው በኋላ ለመኖር ነውና፣ ዛሬ ማታ መጽሐፉን ከድነን እንተኛ።