የማራገቢያ ጩኸትና የቢሮ ጸጥታ

ምዕራፍ ዘጠኝ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። ቀጥሎም ከምንባቡ በኋላ የተሰጡትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

ሀ. ምንባብ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በአንድ የትርጉም ቢሮ ውስጥ፣ አራት ሠራተኞች በአንድ ክፍል ይሠራሉ። ወሩ ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ስላላባራ ክፍሉ ቀዝቅዟል። ከአራቱ ሠራተኞች አንዷ ጋቢዋን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ላፕቶፑንም በጋቢው ላይ አስቀምጣ፣ በድምፅ የተቀረጸ የምስክርነት ቃል ታዳምጣለች። ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማስረከብ አለባት።

ምስክሯ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ድምፃቸውም ዝቅተኛ ነው። ስለ አንድ የጎረቤት ልጅ ሲናገሩ፣ «ልጁ በየቀኑ ይመታ ነበር» ይላሉ። ተርጓሚዋ ይህን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ መላልሳ አዳመጠችው። «ይመታ» የሚለው ቃል ላልቶ ከተነገረ ልጁ ሌላውን የሚመታ ነው፤ ጠብቆ ከተነገረ ግን ልጁ ራሱ በሌላ ሰው የሚመታ ነው። በአማርኛ ጽሕፈት ሁለቱም አንድ ናቸው። ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎሙ ግን አንደኛው ልጁን በዳይ፣ ሁለተኛው ተበዳይ ያደርገዋል። ከፊትና ከኋላ ያለው ንግግር ለሁለቱም ትርጉም የሚመች በመሆኑ፣ ፍርዱ በጆሮ ላይ ወደቀ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ግን እንደ ንብ መንጋ ይጮኽ ነበር። የጆሮ ማዳመጫ ብታደርግም ጩኸቱ አልፎ ይገባል። ተርጓሚዋ ሰዓቱ ስለገፋ፣ ልጁ ሌሎችን ይመታ እንደ ነበር አድርጋ ጻፈች። ልቧ ግን አላረፈም።

በአጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ፣ «ማራገቢያውን የሚያቆም ፕሮግራም አለ፤ እሱን ጫኚና ተገላገዪ» ሲል መከራት። በዚህ መካከል የቢሮው የጥገና ባለሙያ የሆኑት አዛውንት ወደ ክፍሉ ገቡ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ማራገቢያው የሚጮኸው በከንቱ አይደለም፤ ሙቀት እንዳለ ሲነግርሽ ነው። የሚጮኸውን አፍ ከማፈን እሳቱን መፈለግ ይሻላል» አሏት።

የአዛውንቱ አነጋገር በሳይንስ የተደገፈ ነው። የኮምፒዩተር አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል። ፕሮሰሰር የተሠራው ትራንዚስተር ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰሩ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። በዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ፕሮሰሰር ግን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉት። ፕሮሰሰሩ የሚሠራበት ምት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ነው፤ በየምቱም ብዙ ትራንዚስተሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ለዚህ ሥራ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ይህ ሙቀት መውጫ ያስፈልገዋል። በፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመ የመዳብ ቧንቧ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ስስ የብረት ቅጠሎች ያደርሰዋል። ማራገቢያው ደግሞ በብዙ ላፕቶፖች ከሥር በኩል አየር ስቦ በቅጠሎቹ መካከል ያሳልፋል፤ የሞቀውም አየር በጎን ወይም በኋላ በኩል ይወጣል። ሙቀቱ ሲጨምር ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ይጮኻል። ማራገቢያው ቢቆም ወይም ሙቀቱ ከአቅሙ በላይ ቢሆንበት፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከጉዳት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በብዙ ላፕቶፖች ይህ የሚሆነው የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። እንግዲህ ማራገቢያውን በግድ ማስቆም ለጊዜው ጸጥታ ቢሰጥም ሥራን ያጓትታል፤ መሣሪያውንም ለጉዳት ያጋልጣል።

ታዲያ ሙቀቱን ከምንጩ መቀነስ የሚቻለው እንዴት ነው? መልሱ የሚገኘው በፍጥነትና በሙቀት መካከል ባለው ዝምድና ነው። ከፕሮሰሰሩ ሥራ የሚወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነት ከፍ እንዲል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጁም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ለምሳሌ የአንድ ፕሮሰሰር ፍጥነትና ቮልቴጅ እያንዳንዳቸው በ10 በመቶ ቢቀነሱ፣ 0.9 በ0.9፣ እንደገና በ0.9 ሲባዛ 0.729 ይሆናል። ይህም ማለት ከፍጥነቱ 10 በመቶ ሲታጣ ከሙቀቱ 27 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ እንደሚታየው የመጨረሻዋ የፍጥነት እርከን ከሁሉ ይልቅ ውድ ናት።

ይህን እውነት ፕሮሰሰር ሠሪዎችም ሊያልፉት አልቻሉም። ኢንቴል ለብዙ ዓመታት የፕሮሰሰሮቹን ፍጥነት ሲያሳድግ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በ4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የነበረውን ዕቅድ ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ አንዱን ብቻ ይበልጥ ከማስሮጥ፣ ኮር የሚባሉ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ የሥራ ክፍሎችን በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ወደ ማኖር አዘነበሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ቱርቦ ቡስት የተባለ ዘዴ መጣ። በዚህ ዘዴ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበትና ሙቀቱ ሲፈቅድለት ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ይሮጣል። ዘዴው ለከባድ ሥራ ጠቃሚ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ ወይም ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ግን የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ጩኸቱ ይበዛል።

የማራገቢያም ጠባይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ቢቀንስ የሚያሳልፈው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለሰው ጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ ሆኖ ስለሚሰማ፣ 15 ዴሲቤል ታላቅ ልዩነት ነው።

የአገር አቀማመጥም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ የአየሩ ሙቀት እኩል ቢሆን፣ ማራገቢያው በጠረፍ የሚያሳልፈውን ያህል ክብደት ያለው አየር በአዲስ አበባ ለማሳለፍ በአንድ ሦስተኛ ያህል መፍጠን ይኖርበታል። የከተማዪቱ ቅዝቃዜ ይህን ጉድለት በከፊል ይክሳል። በጅቡቲና በሞምባሳ ደግሞ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ራሱ የሞቀ ስለሆነ ከመሣሪያው ሙቀት የመቀበል ችሎታው ያነሰ ነው። በደጋም ሆነ በቆላ ላፕቶፕ ያለ ችግር መተንፈስ አለበት።

አዛውንቱ ሥራቸውን የጀመሩት ከጋቢው ነበር። ላፕቶፑን አንሥተው በጠረጴዛ ላይ አኖሩት፤ ከሥሩም ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አግብተው ከፍ አደረጉት። በጋቢው ታፍኖ የነበረው የአየር መግቢያ ስለተከፈተ ጩኸቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀለል አለ። ቀጥለው ታስክ ማኔጀር የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው ፕሮሰሰሩን የሚያደክመው ማን እንደ ሆነ ተመለከቱ። ጠዋት ተከፍቶ የተረሳ የኢንተርኔት ገጽ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ያለማቋረጥ ቪዲዮ ያሳይ ነበር። ዘጉት። በመጨረሻም በዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ማስተካከያ ውስጥ ገብተው የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ወሰን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አደረጉት።

«ጋሼ፣ አንድ በመቶ ምን ለውጥ ያመጣል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በብዙ ላፕቶፖች ግን ከ100 በታች ሲሆን ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ አይሮጥም። ከባድ ሥራ ሲገጥምሽ ወደ ነበረበት መልሺው። ማታ ደግሞ መሣሪያውን አጥፍቼ አቧራውን አወጣለታለሁ» አሏት።

ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ሰነድ ሲከፈት ጥቂት ሴኮንዶች ዘገየ። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። ተርጓሚዋ የእናትየዋን ቃል እንደገና አዳመጠች። «ት» የሚለው ድምፅ ሲጠብቅ ምላስ የአየሩን መንገድ ለቅጽበት ዘግታ ትይዛለች፤ ያቺ ቅጽበት ጸጥታ ናት። የማራገቢያው ጩኸት ሞልቶት የነበረው ይህንኑ የጸጥታ ቦታ ነበር። አሁን ግን «ይመታ» የሚለው ቃል ጠብቆ፣ ጥርት ብሎ ተሰማ። ተርጓሚዋ በራሷ ጆሮ ብቻ አልተማመነችም። የጻፈችውን ሳትናገር ሁለት ባልደረቦቿን አሰማቻቸው፤ ሁለቱም የሰሙትን በየወረቀታቸው ጻፉ። ሦስቱም አንድ ሆኑ፤ ልጁ ተመቺ እንጂ መቺ አልነበረም። የተሳሳተው ዐረፍተ ነገር ከቢሮው ሳይወጣ ታረመ።

በዚያው ማታ አዛውንቱ ላፕቶፑን አጥፍተውና ከኤሌክትሪክ ነቅለው ከፈቱት። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣታቸው ይዘው አየር ሲነፉበት፣ በብረት ቅጠሎቹ መካከል እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ ወጣ። «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምሳሌ ለፍርድ ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያም ይሠራል።

ለ. የቃላት ፍች

1. ጠብቆ — ድምፁ በርትቶና ረዘም ብሎ ሲነገር
2. ላልቶ — ድምፁ ሳይጠብቅ፣ ቀለል ብሎ ሲነገር
3. ከሞላ ጎደል — በአብዛኛው፣ ሙሉ ሊባል በሚችል መጠን
4. ያጓትታል — ሥራን ያዘገያል፣ ያስረዝማል
5. ተገላገለ — ከችግር ወይም ከሸክም ዐረፈ
6. ታፈነ — መተንፈሻ ወይም መውጫ አጣ
7. አዘነበለ — ወደ አንድ ወገን አደላ

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ተርጓሚዋ በመጀመሪያ የጻፈችው ትርጉም ስሕተት ሳይታረም ቢወጣ ኖሮ በልጁ ላይ ምን ሊያስከትል ይችል ነበር?
2. ባልደረባዋ የሰጣት ምክርና አዛውንቱ የሰጧት ምክር በምን ይለያያሉ?
3. ማራገቢያው ቢቆም ፕሮሰሰሩ ምን ያደርጋል? ለምን?
4. የአንድ ፕሮሰሰር ፍጥነትና ቮልቴጅ እያንዳንዳቸው በ20 በመቶ ቢቀነሱ ሙቀቱ ምን ያህል ይሆናል? በምንባቡ የተሰጠውን ምሳሌ ተከትላችሁ አስሉ።
5. የአዲስ አበባ ከፍታ በማራገቢያ ሥራ ላይ ምን ያመጣል? የጅቡቲስ ሙቀት?
6. ጸጥታው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ተርጓሚዋ በምትኩ ያጣችው ምንድን ነው? ልውውጡ ተገቢ ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።
7. ተርጓሚዋ የጻፈችውን ሳትነግራቸው ባልደረቦቿን ያሰማቻቸው ለምንድን ነው?

መ. ሰዋስው፦ ማጥበቅና ማላላት

በአማርኛ አንዳንድ ቃላት በጽሕፈት አንድ ሆነው ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው ይለያያል። «ይሰማል» ሲላላ አድራጊውን፣ ማለትም የሚያዳምጠውን ሰው ያመለክታል፤ ሲጠብቅ ግን የሚደመጠውን ድምፅ ያመለክታል። በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ በትእምርተ ጥቅስ የተከበቡት ቃላት የሚጠብቁ ወይም የሚላሉ መሆናቸውን ለዩ፤ ድምፃችሁንም ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

1. ተማሪው «ገና» አልመጣም። የ«ገና» በዓል ደረሰ።
2. «ዋና» የሚማረው በወንዝ ነው። «ዋና» ሐሳቡን ግለጽ።
3. «እመጣለሁ» «አለ»። በቤቱ ውስጥ እንግዳ «አለ»።
4. ልጁ እንጀራ «ይበላል»። ይህ ፍሬ «ይበላል»።

ሠ. ድርሰት

በቤታችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በምታውቁት የሥራ ቦታ ሥራን የሚያውክ አንድ ጩኸት ምረጡ። የጩኸቱን ምንጭ፣ ምንጩን ለመቀነስ የሚቻልበትን መንገድና በዚያ ምክንያት የሚታጣ ነገር ካለ ዘርዝራችሁ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።