ውሃው ሲሸሽ ዘር ይዞ የሚደርስ ማነው?



ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጎርፍ ስንሰማ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው በውሃ የተከበበ ጎጆ፣ በጀልባ የሚወጣ ሕፃን፣ ተንሳፍፎ የሚታይ የከብት ሬሳ ነው። በእርግጥም ይህ ሁሉ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ለገበሬው ከባዱ ፈተና የሚጀምረው ፎቶ አንሺዎቹ ከተመለሱና ውሃው መሸሽ ከጀመረ በኋላ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲም ገብቼ ተምሬያለሁ። ይህን ትምህርት ግን ያገኘሁት በሸበሌ ወንዝ ዳር ከሚኖሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ነው፤ ያውም ዘግይቼ።

እንደሚታወቀው ዋቢ ሸበሌ የሚነሳው ከባሌና ከአርሲ ደጋ ሲሆን በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል በኩል አልፎ ወደ ሶማሊያ ይዘልቃል። በአብዛኛው ባሕር ሳይደርስ ረግረግና አሸዋ ውጦት ይቀራል። በሶማሊኛ ስሙ የነብር ወንዝ ማለት ነው፤ አመሉም ከስሙ አይርቅም። በቀላፎ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ከቀናት በኋላ ደርሶ ማሳውን ሊያጥለቀልቀው ይችላል።

በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ነበር። ገበሬውና አርብቶ አደሩ ከዚህ ድርቅ ገና ሳያገግሙ፣ በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ) ኤልኒኞና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ተደራርበው ያመጡት ከባድ የደይር ዝናብ ሸበሌን ከዳርቻው አወጣው። ማሳ ተጠረገ፤ መንገድ ተቆረጠ።

እኛ በአዲስ አበባ በአንድ ሰፈር የምንኖር አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም አለን። ወሬውን በሰማን ሳምንት ተሰባሰብንና ከየቤቱ ሰልባጅ ልብስ ለቀምን፤ ብስኩትም ጨመርን። አሥራ አራት ጆንያ ሞላ። የሚጭን አይሱዙ እስክናገኝ፣ የተቆረጠው መንገድ እስኪከፈት ስንጠብቅ ሳምንታት አለፉ። ዕቃው መድረሱን እንደሰማን፣ እውነቱን ለመናገር ምስጋና ለመስማት ጓጉተን፣ የጎዴ ተወላጅ በሆነ ጓደኛችን አስተርጓሚነት ለሰፈሩ ሽማግሌ ስልክ ደወልን።

ሸኹ መረቁን። ከዚያም እንዲህ አሉ፡- «አላህ ይቀበላችሁ ልጆቼ፤ ልብሱን እንለብሰዋለን። መሬቱ ግን ደርቋል። ውሃው በሸሸ ሰሞን ለየቤቱ ጥቂት ጣሳ ዘር ደርሶልን ቢሆን፣ ልብሱን ራሳችን በገዛን ነበር።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሸበሌ ዳር ገበሬ ጎርፍ ጠላት ብቻ አይደለም። ውሃው ከደጋ የጠረገውን ለም ደለል ማሳው ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ጎድጓዳው ስፍራም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ገበሬው የሸሸውን ውሃ እግር በእግር እየተከተለ በዚያ እርጥበት ላይ በቆሎውን፣ ማሽላውን፣ ሰሊጡን ይዘራል። ቤቱን ያፈረሰበት ውሃ፣ ቢጠቀምበት፣ ልጆቹን የሚያበላለት ውሃም ነው። እርጥበቱ ግን አይጠብቅም። ፀሐዩ ብርቱ በሆነበት ቆላ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ መሬቱ ይሰነጠቃል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ዘር በእጁ ከሌለ የሚቀጥለውን ዝናብ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ዘሩ ደግሞ ወይ በጎርፍ ተወስዷል፣ ወይ በጉድጓድ የተቀበረበት እህል ውሃ ገብቶበት በስብሷል፣ ወይ ቤተሰቡ ተርቦ በልቶታል። ያለው ምርጫ ከነጋዴ በዱቤ መውሰድና አዝመራው ሲደርስ በርካሽ አስረክቦ ዕዳ መክፈል ነው። በዚህ ዓይነት የአንድ ሰሞን ጎርፍ የብዙ ዓመት ዕዳ ይሆናል።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ ከስህተታችን የተማርነውን በአምስት ነጥብ ላስቀምጠው።

አንደኛ፡- ከመሰብሰብ በፊት መጠየቅ። እኛ የሰጠነው የተረፈንን እንጂ የጎደላቸውን አልነበረም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ከገንዘባችን መናኛውን መርጠን እንዳንሰጥ አስጠንቅቆናል። አንድ የስልክ ጥሪ፣ «አሁን ምን ያስፈልጋችኋል?» የሚል አንድ ጥያቄ፣ አሥራ አራቱን ጆንያ ባዳነ ነበር።

ሁለተኛ፡- የገበሬውን የቀን መቁጠሪያ ማወቅ። ስብስባችን ትንሽ በመሆኑ ብዙ ማድረግ አይችልም፤ ፈጥኖ መድረስ ግን ይችላል። ትልልቅ ድርጅቶች ጥናትና ጨረታ ሲያካሂዱ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። አሥር ሰዎች ግን በአንድ ምሽት ተመካክረው በማግስቱ ገንዘብ መላክ ይችላሉ። ይህን ዕድል ሰልባጅ በመጫን ማባከን የለባቸውም።

ሦስተኛ፡- ዘሩን ከዚያው ገበያ መግዛት። ገበሬው የሚያምነው መሬቱ የሚያውቀውን ዘር ነው። ከሩቅ የመጣ ያልተለመደ ዘር ጊዜው ላይደርስ፣ ሙቀቱንም ላይችል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በአገራችንም ጭምር በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተሞከረ አንድ ዘዴ አለ። ለተጎጂው ገበሬ ኩፖን ይሰጠዋል፤ የአካባቢው ዘር ሻጮች በአንድ ቀን ባዛር ይሰበሰባሉ፤ እርሱም የሚሻውን መርጦ ይወስዳል። ገንዘቡም እዚያው አካባቢ ይዘዋወራል።

አራተኛ፡- ዘርን ከቀለብ ጋር፣ ዘሩንም ፈትሾ መስጠት። ልጁ የተራበበት አባት ዘር ቢሰጠው ቀቅሎ ያበላዋል፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ስለዚህ ዘሩ ለዘርነት እንዲተርፍ ቀለብ አብሮት መሄድ አለበት። ፍተሻውን በተመለከተ ሁለተኛውን ስህተታችንን ልናዘዝ። በ2016 ዓ.ም. ረመዳን በገባ ሰሞን፣ የጉ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት፣ ከሰደቃችን በተሰበሰበው ገንዘብ ለሃያ ሦስት ቤተሰብ ዘር ከጎዴ ገበያ አስገዛን። ዋጋው ስለረከሰልን ደስ ብሎን ነበር። የበቆሎው ዘር በደንብ በቀለ፤ የማሽላው ግን ግማሹ ሳይበቅል ቀረ። መፈተኛው ቀላል እንደነበር የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው፡- መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተጠነቀቁ ሳምንት ያህል ማቆየት፣ ከዚያም ያጎነቆለውን መቁጠር። ሰማንያና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ ይገዛል፤ ሃምሳ ከሆነ ይመለሳል። የሰው አማና ይዞ ይህን አለማድረግ ቸልተኝነት ነው።

አምስተኛ፡- የገበሬውን ክብር መጠበቅ። እንደሚታወቀው በዝናብ ወይም ራሱ በመጣ ውሃ የበቀለ አዝመራ ኒሳብ ከሞላ ዘካው ከአሥር አንድ ነው፤ ሰው ደክሞና ወጪ አውጥቶ በመስኖ ያጠጣው ደግሞ ከሃያ አንድ። እንግዲህ አስቡት! ዛሬ በእኛ ጆንያ ፊት የተሰለፈው ሰው በደህናው ዓመት ከአዝመራው ዑሽር ያወጣ የነበረ ሊሆን ይችላል። ዘር ስንሰጠው ወደ ሰጪነቱ እንዲመለስ እየረዳነው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አሰልፎ፣ ካሜራ ደቅኖ፣ ጆንያ አሸክሞ ፎቶ ማንሳት ተገቢ ነውን?

አንዳንድ ወገኖች «የእናንተ ጥቂት ጣሳ ዘር ሸበሌን ይገድበዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁን ይሆናል። አይገድበውም። የወንዙን ዳር በግድብ ማጠናከር፣ ደጋው ላይ ዝናብ ሲከብድ ለታችኛው ተፋሰስ ቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ መንገዱንና ድልድዩን መጠገን የመንግሥትና የትልልቅ ተቋማት ኃላፊነት ነው፤ ይህንንም ከመጠየቅ ወደ ኋላ ማለት የለብንም። ነገር ግን እነዚያ ሥራዎች እስኪሠሩ ድረስ ውሃው መምጣቱንና መሸሹን አይተውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ችግኝ በእጁ የያዘ ሰው ቂያማ ቢደርስበት እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክል ማዘዛቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ቂያማ ለመትከል ሰበብ ካልሆነብን፣ የሸበሌ ጎርፍ እንዴት ይሆንብናል?

ስብስባችን ዛሬም ትንሽ ነው። አሁን ግን በየወሩ ከምናዋጣው ላይ የተወሰነውን ለማንም ሳንሰጥ እናስቀምጣለን። ይህ ገንዘብ ደጋው ላይ ዝናብ መክበዱን በሰማን ቀን የሚንቀሳቀስ የዘር ገንዘብ ነው። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በአባላቱ ፊት ይነበባል። በየሰፈራችሁ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ያላችሁ ጀመዓዎችም ይህን ብታደርጉ አንድ ነገር ልለምናችሁ፡- ጆንያውን ከመሙላታችሁ በፊት ስልኩን አንሱ።

እኒያ ሸኽ በመጨረሻ ስናናግራቸው ስለ ልብሱ አላነሱም። የጠየቁን ያ ያልበቀለው ማሽላ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ ነበር፤ ለሚቀጥለው ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው ሄደው ሊመርጡልን።