ዘርፉን ያስረዘመው ማን ነው?

ለበዓል ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ የመጣ ልጅ፣ ቀበቶው ላይ ትልቅ የጉቺ ፊደል አብለጭልጮ ቅዳሴ ሲቆም የሚያጉረመርም አይጠፋም። ለመፍረድ አንቸኩል፤ አስቀድመን የምልክትን ነገር እንመልከት።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 እስራኤል በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ፣ በዘርፉም ሰማያዊ ፈትል እንዲያኖሩ ታዘዋል። ምክንያቱም እዚያው ተነግሯል፤ አይተውት ትእዛዙን እንዲያስቡ ነው። ልብ በሉ፣ ተመልካቹ ራሱ ለባሹ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ጌታችን ፈሪሳውያንን ሲወቅስ ዘርፍ ለምን አደረጋችሁ አላላቸውም። ሰው እንዲያይላቸው ማስረዘማቸውን ነው የነቀፈው።

ማተባችንም የሚታይ ምልክት ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ አንገታቸው ላይ ያስረዋል። ትውፊቱ ነገሩን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው ከያዕቆብ ዘእልበረዲ ጋር ያያይዘዋል። ባለጸጋውም ድሃውም የሚያስረው ያው ክር ነው፤ ዋጋ አይነበብበትም።

የፋሽን ቤቶች ምልክት ደግሞ አነሣሡ ሌላ ነው። የሉዊ ቪተን ልጅ ዦርዥ እ.ኤ.አ. በ1896 የአባቱን ስም መነሻ ፊደላት የሻንጣው ሸራ ላይ ያሳተመው አስመሳዮች ስላስቸገሩት ነበር። የሠሪ ፊርማ ነው እንግዲህ። እ.ኤ.አ. በ1933 ላኮስት አዞውን የሸሚዝ ደረት ላይ አወጣው። እየቆየ ፊደሉ ስለ ዕቃው መመስከሩን ትቶ ስለ ያዡ ኪስ መናገር ጀመረ። የሚያስቀው፣ በጎላ ቁጥር ለአስመሳዩም ቀለለው፤ መርካቶ ገብቶ ያንኑ ፊደል በርካሽ ማንጠልጠል ማንንም አያቅትም።

የመንዝ ባና ላይ የሠሪ ስም የለም። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉትን የበግ ጠጉር ሸማኔው ይሠራዋል። ገዢው ጫፉን በሁለት ጣቱ ያሻል፣ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ሽመናው መሳሳቱን ያያል፣ ሳብ አድርጎ ይሞክራል። የጓሳን ውርጭ መቻሉን የሚነግረው እጁ ነው።

ይሁን እንጂ ሸዋ የክብር ጌጥ አታውቅም አንልም። ከመንዝ የተነሣው ሥርወ መንግሥት ንጉሥ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ጀብዱ ለሠራ ሰው የብር ቢተዋ ይሸልሙ ነበር። ቢተዋው የሚመሰክረው ሥራን ነው። ባለፊደሉ ቀበቶ የሚመሰክረው ክፍያን ነው። ፎርጅድ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለውን ተከፍሏል ይላል፤ ይህን አውቆ የሚያደርግ «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ለራሱ ያንብብ።

ታዲያ ልጁን እንገሥጸው? እዚህ ላይ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ያስደነግጠኛል። የወርቅ ቀለበት አድርጎ ወደ ጉባኤ የገባው ሰው አንድ የወቀሳ ቃል አልተነገረውም። ተግሣጹ ቀለበቱን አይቶ መልካሙን ስፍራ በሰጠው፣ ድሃውን ደግሞ ከእግሩ መረገጫ በታች ባስቀመጠው ላይ ነው። ክፍሉን ለባለጠጎች ስንሰብከው እንኖራለን፤ የተጻፈው ግን ለአስተናጋጁ ነው። በሠርግ ዳስ ባለፊደል ቦርሳ ያንጠለጠለችውን እንግዳ ወደ ላይ፣ ያረጀ በርኖስ የደረቡትን አባት ወደ በሩ ጥግ የምንመራው እኛው ነን። ልጁ ለቀበቶው ያን ያህል ብር ሲከፍል የገዛው ይህንን አቀባበላችንን ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ሠርግ አሳላፊ የምትሆኑ ልጆች፣ አረጋውያንንና አቅመ ደካሞችን አስቀድሙ፤ ሌላውን እንግዳ በመጣበት ተራ አስቀምጡት።